የበቆሎ ጠባሿ ቃል

በቆሎ ጠብሳ የምታድር አንዲት ምላሷ የሰላ ሴት ነበረች። ሀገሩ ሁሉ የእሳቸው የሚመስላቸው ባለሀብት አቶ ቢተው አንድ ቀን መኪናቸውን ሲያከንፉ አስፋልቱ ጠበባቸውና፣ ከአንድ ትምህርት ቤት ግንብ ሥር የተቀመጠችውን ይህችን ሴት እግሯን ሰብረው፣ ግንቡንም ንደው ቆሙ።

በሳምንቱ ሽማግሌዎች አስከትለው አልጋዋ ድረስ መጡ። እግዜር ይማርሽ እንኳ ሳይሉ፣ "ስሚ አንቺ፣ ትራፊክ ፖሊሱ ቃልሽን ሲቀበል 'ዘልዬ መንገድ የገባሁት እኔ ነኝ' በይ። ከእኔ ጋር ተካሰሽ የትም አትደርሺም" አሏት።

ሽማግሌዎቹም፣ "እሺ በይ ልጄ፣ ትልቅ ሰው ናቸው" አሉ።

ሴትየዋ ጄሶ የታሰረ እግሯን በሁለት እጇ ደግፋ ቀና አለች።

"ካላችሁስ እሺ። ግን ጌታዬ፣ ፖሊሱ 'ግንቡስ?' ቢለኝ ምን ልመልስለት? እጅ ለእጅ ተያይዘን ስንሻገር ነበር ልበለው?"