ቀበሮ ያልተሳፈረበት መኪና

እናንተ ቤቶች፣ ትልቅም ትንሽም፣ አንድ ጊዜ ጆሯችሁን አውሱኝ። አጭር ናት፤ የተቀቀለ ድንች ሳይበርድ ታልቃለች። ከረዘመችባችሁ ጥፋቱ የኔ ሳይሆን የመንገዱ ነው፤ ጠመዝማዛ ነው።

አንድ ጊዜ የደጋ አራዊት ማኅበር አቋቁመው፣ ጋራ የሚወጣ፣ ወንዝ የሚሻገር፣ አራቱም ጎማው የሚስብ የጭነት መኪና ገዙ። ለሽርሽር አይደለም። ቆላ ያሉ ዘመዶቻቸው ውሃ ደርቆባቸው ስለነበር በርሜል ሊያመላልሱላቸው ነው። ከዚያ በፊት ያንን ሁሉ ውሃ ተሸክማ ቁልቁል የምትወርደው አህያ ነበረች። ጀርባዋ ገጣባ ከመሆኑ የተነሳ ዝንብ ሲያርፍባት እንኳ ታነክስ ነበር። መኪናው ሲመጣ ቁስሏ ጠገገ። ስለዚህ መኪናውን ከማንም በላይ የምትወደው እሷ ናት። ጠዋት ጠዋት መስተዋቱን በጆሮዋ ትወለውልለታለች።

ሹፌሩ አያ ጅቦ ነው። ጅብ እንዴት ሹፌር ሆነ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። እኔም ስጠይቅ «ድምፁ ትልቅ ስለሆነ ጡሩምባ አያስፈልገውም» ነው ያሉኝ። ጠጋኙ ቀበሮ፣ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጌታው አንበሳ። አህያ ደግሞ ረዳት ሆነች። ከኋላ ከበርሜሎቹ ጋር ትቆማለች፤ መኪናው ሲቆም ዘልላ ወርዳ እንዳይንሸራተት ከጎማው ሥር ታኮ ታደርጋለች።

ታዲያ አንድ ቀን አህያ ከመኪናው ሆድ ውስጥ ድምፅ ሰማች። ቋ፣ ቋ፣ ቋ ይላል።

«አያ ጅቦ፣ መሪው ይንቋቋል» አለች።

«ጠባዩ ነው።»

«ትናንትም ወደ ግራ ስትጠመዝዘው ጎማው ቆይቶ ነው የዞረው።»

«እሱም ጠባዩ ነው። እኔ ጠባዩን ስለማውቅ ትንሽ ቀደም ብዬ ነው የምጠመዝዘው።»

አህያ እንዲህ ያለ ጠባይ አልጣማትም። ሄዳ ለአንበሳ ነገረች። አንበሳም አዲስ የመሪ ዘንግ ከከተማ አስመጣ። ዘንጉ ግራሶ ተቀብቶ፣ በወፍራም ወረቀት ተጠቅልሎ፣ እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ መጣ። «ቀበሮ ይግጠመው፤ ሹፌሩም አይቶ መገጠሙን ይፈርም» ብሎ አዘዘ።

ቀበሮ ወረቀቱን ገለጥ አድርጎ አየው። ያበራል። «ይሄን የመሰለ ዕቃ ከጭቃ ሥር ምን ያደርጋል?» አለና ለዝንጀሮ ሊሸጠው አስቦ ጉድጓዱ ውስጥ ቀበረው። ከዚያ ወገቡ ላይ የተሰነጠቀውን አሮጌ ዘንግ በካላማዳሪ፣ በጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ጠፍሮ አሰረ፤ ላዩን ብርማ ቀለም ቀባው፤ ጅብን ጠራው።

«አያ ጅቦ፣ እዚህች ላይ ፈርምልኝ።»

«ተገጠመ እንዴ?»

«አያበራም?»

«ማብራቱንስ ያበራል። ግን ያ ከከተማ የመጣው ትንሽ ወፈር ያለ...»

ቀበሮ ከጀርባው የበግ ላት አወጣ። ጅብም ነገሩን እዚያው ላይ ተወው። ላቱን በአንድ ጉርሻ ውጦ በቅባታም መዳፉ ፈረመ።

እስቲ ፍረዱኝ። መሪውን የሚይዘው እሱ። ከፊት የሚቀመጠው እሱ። ገደሉን ቀድሞ የሚያየው እሱ። ሌባ ከጎረቤቱ ሲሰርቅ ብዙ አይቻለሁ፤ የራሱን አንገት በላት ሲሸጥ ያየሁት ግን ጅብን ብቻ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሃያ በርሜል ውሃ ተጫነ። ቆላ ያሉት ውሃ ከቀመሱ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። አንበሳም ውሃውን ሲያስረክብ ንግግር ሊያደርግ ጋቢና ገባ። ከመግባቱ በፊት ግን፣ እንደ ልማዱ፣ መኪናው ፊት ቆሞ መረቀ።

«መንገዱን ያቅናልን። ጎማችንን ከእሾህ፣ ሞተራችንን ከትኩሳት ይጠብቅልን።»

«አሜን» አሉ ሁሉም።

አህያ በዚህ መሃል አንገቷን አጎንብሳ ወደ መኪናው ሥር ልታይ ስትል ቀበሮ ፊቷ ተገተረ።

«እትዬ አህያ፣ ምን ፍለጋ ነው?»

«መሪውን ልየው ብዬ ነው።»

«ብታዪውስ ታውቂዋለሽ? ከገለባ የተሠራ መሰለሽ?»

አራዊቱ ሳቁ። አንበሳም ጢሙን ይዞ ሳቀ። አህያ ግን አልሳቀችም።

«እንግዲያው ጋሼ ቀበሮ፣ አንተም ከእኛ ጋር ና። መኪና ሲጠገን የጠገነው አብሮ ወጥቶ ይሞክረው የለም እንዴ?»

«ደስ ባለኝ፤ ጉንፋን ይዞኝ ነው እንጂ። የቆላ አየር ደግሞ ለደረቴ አይሆንም» አለና ሁለት ጊዜ አሳለ።

ረጅም ጆሮ ያለው፣ እውነተኛ ሳልና ለሰው የሚሳል ሳል ይለያል። አህያ ለየችው። ግን ምን ታድርግ፤ ቆላ ያሉት በጥም ሊያልቁ ነው፤ እሷ ከቀረች ደግሞ ታኮውን የሚያደርግ የለም። ወጥታ ከበርሜሎቹ ጋር ቆመች።

ቁልቁለቱን ጀመሩት። አንደኛው ኩርባ፣ ደህና። ሁለተኛው ኩርባ፣ ቋ፣ ቋ። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ከሥር ቀጭ አለ። ጅብ መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዘው፤ መሪው ዞረ፣ ጎማው አልዞረም። ደግሞ ጠመዘዘው። መሪው በእጁ ላይ እንደ እንዝርት ተሽከረከረ፤ መኪናው ግን ቀጥ ብሎ ወደ ገደሉ።

«ይሄም ጠባዩ ነው?» አለ አንበሳ፤ ድምፁ ቀጥኖ የድመት ሆኗል።

ጅብ ፍሬኑን ረገጠ። ጭነቱ ግን ከኋላ እየገፋ መኪናውን በጠጠሩ ላይ ያንሸራትተዋል። አህያ ታኮዋን ነክሳ ዘለለች። ከጎማውና ከገደሉ መሃል ገብታ ታኮውን ከፊት ጎማው ሥር ወተፈች፤ ጎማው ታኮውን ይዞ ሲንሸራተት ዞራ በጀርባዋ ደገፈችው። ያ የጠገገ ቁስል ተቀደደ። መኪናው አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። አምስት በርሜል ተንከባልሎ ገደል ገባ። ከታች ሲፈነዳ ተሰማ።

ጩኸቱን ሰምቶ ቀበሮ ከመንደር እየሮጠ ወረደ። ሳሉ የለም።

«ምን ነካችሁ? አሃ፣ ገባኝ» አለ ገና ሳይጠይቁት። «እትዬ አህያ ከኋላ ሆና ስትወራጭ ሚዛኑን አበላሽታው ነው።»

«አዎ፣ ስትወራጭ ነበር» አለ ጅብ።

አንበሳ ጉሮሮውን ጠረገ። «እመት አህያ፣ እንግዲህ በእርግጥ የአንቺም ክብደት ቀላል...»

አህያ በዕድሜዋ ሙሉ ድምፅዋን ከፍ ያደረገችው ለማናፋት ብቻ ነው። አሁንም ከፍ አላደረገችውም። ከጀርባዋ ደም እየወረደ መኪናው ሥር ገባች፤ የተሰበረውን ዘንግ በጥርሷ ጎትታ አወጣችና አንበሳው እግር ሥር ጣለችው። ብርማው ቀለም በጥርሷ ተፍቆ ዝገቱ ታየ። የካላማዳሪው ቁራጭ እንደ ሙት እባብ ተንጠልጥሏል።

«አዲሱ ይሄ ነው?» አለች። «አያ ጅቦ፣ ፈርመህበታል አይደል? ላቱ ገና ጢምህ ላይ ነው።»

ጅብ ጢሙን ላሰ። «እውነቷን ነው፣ ትንሽ ቀርቷል» አለ።

«እርስዎም፣ ጌታዬ፣ መረቁ እንጂ ጎንበስ ብለው አላዩም። ምርቃት ደግ ነው፤ ግን ቡሎን አያጠብቅም። ቆላ ያሉት ምላሳቸው ደርቆ እየጠበቁ፣ እዚህ ከእኔ ክብደት ጋር ይከራከራሉ?»

አንበሳ አፈረ። ያፈረ አንበሳ ደግሞ ሲቆጣ ለብቻው ነው። ቀበሮን ማጅራቱን ይዞ አነሳው።

«ልብላው?»

«አይብሉት» አለች አህያ። «ከበሉት ማን ይገጥመዋል? አዲሱን ዘንግ ከደበቀበት አምጥቶ ይግጠም። ሲጨርስ ከፊት፣ በገደሉ በኩል ይቀመጥ።»

ቀበሮ ሄዶ ሲመለስ አቧራው እንኳ አልደረሰበትም። አዲሱን ዘንግ ገጠመ። ቡሎኑን አጠበቀ። ከሥር ወጣና ጋቢናው በር ድረስ ሄደ፤ ገደሉን አየ፤ ተመልሶ ገብቶ ደግሞ አጠበቀ። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረገ።

«በቃ እኮ፣ አልቋል፤ እንሂድ» አለ ጅብ።

«ቆይ፣ አንዴ ብቻ» አለ ቀበሮ፤ ላቡ ከአፍንጫው ይንጠባጠባል።

የቀረው አሥራ አምስት በርሜል በዚያው ቀን ቆላ ገባ። ቋ የሚል ድምፅ አልነበረም። አንበሳም ንግግሩን ተወው፤ በርሜል አወረደ።

ከዚህ የምንማረው፣ የጠጋኝ እውነተኛ ፊርማ በወረቀቱ ላይ ሳይሆን በመኪናው ወንበር ላይ መሆኑን ነው፤ በሚቀጥለው ጉዞ ቀበሮ እንደገና ማሳል ሲጀምር አህያ በሩን ከፍታ እንዳለችው፦ «ሳልህንም ይዘህ ግባ።»