መቶ እግርና የሙሽራው ጫማ

የደሴታችን ሰዎች ችኩል ሲያዩ የሚናገሯት ነገር አለች። ዝም ብላ ከሰማይ የወረደች እንዳትመስላችሁ፤ የገዛ አጎቴን ሚስት አሳጥታ የመጣች ናት።

አጎቴ ጥሩነህ ዘውድነሽን ወዶ እህል አልበላ ብሎት ነበር። ታዲያ ከወዲያ ማዶ ሌላ ሰው ሽማግሌ ሊልክ ነው ተባለ። አባቷ ደግሞ ቀድሞ ለመጣ ቃላቸውን የሚሰጡ፣ ከሰጡም የማያጥፉ ሰው ናቸው። አጎቴ አባ ወልዴንና አፈኛውን ተካልኝን ላከ። ተካልኝን አንቱ አልለውም፤ ምክንያቱን አሁን ትሰማላችሁ። ደህና ጫማ ስላልነበረው አጎቴ ለሠርጉ የገዛውን አዋሰው።

ከታንኳ ተወርዶ ወደ ላይ፣ ወደ አባቷ ቤት የሚወስደው መንገድ ጥንት እሳተ ገሞራ በተፋው ጥቁር ድንጋይ መሀል የሚያልፍ ቀጭን መንገድ ነው። እኩሌታው ላይ ሲደርሱ አንድ ትልቅ መቶ እግር፣ ከስንዝር የሚበልጥ፣ ቀስ እያለ ያቋርጣል። በእኛ ዘንድ ለጋብቻ የሚሄድ ሽማግሌ መንገድ የሚያቋርጠውን ፍጥረት ቆሞ ያሳልፋል።

«ይለፍ፤ እንቁም» አሉ አባ ወልዴ።

«ለዚህ ልቁም? የነዚያ የማዶዎቹ ታንኳ ደርሷል እኮ!»

ተካልኝ አንዱን ጫማ አውልቆ ሰነዘረ። ሳተው። ጫማው ከእጁ አምልጦ ወደቀ፤ መቶ እግሩም ጥላ በማግኘቱ ሳይደሰት አልቀረም፣ ሰተት ብሎ ገባበት። በዱላ ሲነካኩት ጭራሽ ወደ ጫፉ ዘለቀ።

«ያራግፉት እንጂ፣ አባ!»

«እኔ አላስገባሁትም።»

መቶ እግር ሲነድፍ እንዴት እንደሚያቃጥል ተካልኝ ያውቃል፤ እጁን አልሰደደም።

«ትተነው እንሂድ?»

«በአንድ ጫማ ልጅ ልትጠይቅ? አባቷ ናቁኝ ብለው ውሻ ይለቁብናል።»

ይህን ሲባባሉ የማዶዎቹ ሽማግሌዎች ደረሱ።

«ምነው፣ በደህና ነው?»

«አረፍ ብለን ነው» አለ ተካልኝ፣ በአንድ እግሩ እንደ ቆመ።

ስላሳለፏቸው እግዜር ይስጥልን ብለው ጫማውን ዞረው አለፉ። ከላይ እልልታው ሲሰማ መቶ እግሩ ብቅ አለና መንገዱን ቀጠለ።

አጎቴ ምስኪኑ ታንኳው አጠገብ ቆሞ ይጠብቃል። እልልታውን ሰምቶ ፊቱ በርቷል።

«ሰጡን አይደል?» አለ።

ተካልኝ ጫማውን አውልቆ ለአባ ወልዴ ሰጠ። አባ ወልዴ ጫማውን ለአጎቴ መለሱለትና፣ «ልጄ፣ መቶ እግር እስኪያልፍ ያልታገሠ፣ በአንድ እግሩ ቆሞ ቀረ» አሉት።