የዘርፌ ማርትሬዛ

ኩሉን አብዝታ ፊቷን ያጠቆረች ልጃገረድ ባዩ ቁጥር ሰዎች የሚወረውሩት አንድ ተረት አለ። ይስቁበታል፤ እሷም አብራ ትስቃለች። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ግን ይህን ተረት ሲናገሩ የማይስቁ ሽማግሌዎች አሉ። ለምን ቢባሉ የአሰገደችንና የባሏን የንጋቱን ነገር ያነሳሉ።

ንጋቱ ድሬሰር ነበር፤ በየገጠሩ እየዞረ ይከትባል፥ ቁስል ያጥባል። አሰገደች ደግሞ በገበያ ቀን ጥጥ ትሸጣለች። በተጋቡ በዓመታቸው ንጋቱ እግራቸውን ያዳነላቸው አንድ ሽማግሌ የድሮ መሐለቅ አውጥተው፥ «እንግዲህ ምንም አይገዛም፤ ለመታሰቢያ ያዘው» ብለው ሰጡት። ለሚስቱ አምጥቶ አሳያት። ቀጥሎ እሷ ከገበያ፥ ከአንዲት ባልቴት እጅ፥ በጥጥ የለወጠችውን ተሙን የሚሉትን የድሮ ሳንቲም ይዛ መጣች። ከዚያ ወዲያ አመል ሆነባቸው። እኩዮቻቸው ላምና በሬ ሲያልሙ እነሱ እንደ ቤሳና አላድ ያለ የጥንት ሳንቲም ያልማሉ። ጎረቤት «የማይገዛ ገንዘብ የሚያጠራቅሙ ሞኞች» እያለ ይቀልድባቸዋል፤ እነሱ ግን አንዲት ዝገት የበላት ሳንቲም ይዘው ይቺ የማን ዘመን ናት በሚል ክርክር እራታቸውን የሚያቀዘቅዙ ደስተኞች ነበሩ።

ዕውቀቱማ የላቸውም። በደንብ እናውቃለን የሚሉት አንድ ነገር ማጠብ ነው። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግቢያቸው ውስጥ ሳፋ ያስቀምጡና ሳንቲሞቹን በሎሚና በተወቀጠ ሸክላ ይፈትጓቸዋል። ጥቁር ሆኖ የገባው ነጭ ሆኖ ሲወጣ ሁለቱም ልክ ልጅ የታጠበላቸው ይመስል ደስ ይላቸዋል። ጥቁሩ ሁሉ ለእነሱ እድፍ ነበር።

ከእነሱ ጋር የአሰገደች አባት አቶ ይመር ይኖሩ ነበር። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ሚስታቸው ዘርፌ ስትሞት የቀረቻቸው አንዲት ማርትሬዛ ብር ናት፤ ዘርፌ ማንጠልጠያ ጆሮ አስበይዳ፥ በጥቁር ክር ከአንገቷ አስራ፥ ከሙሽርነቷ እስከ ሞቷ ያልተለየቻት። ሴትየዋ ነገር ሲያሳስባት ብሩ ላይ የተቀረጸችውን ንግሥት ጉንጭ በአውራ ጣቷ ማሸት ትወድ ነበርና እዚያ ላይ ትንሽ ጎድጎድ ያለች ቦታ ሠርታለች። የፀጉሯ አደስ ቅቤም በየፊደሉ መካከል ገብቶ ጠቁሮ ቀርቷል። በየዓመቱ ሙት ዓመቷ ሲደርስ አቶ ይመር ብሯን ያስመጡና ጣታቸውን ከጎድጓዳዋ ላይ አሳርፈው፥ ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው፥ ዝም ብለው ይቀመጣሉ።

«መልኳ እየራቀኝ ሄደ» ብለዋት ነበር አንድ ጊዜ ልጃቸውን። «ድምጿም እንደዚያው። ይቺን ስይዝ ግን ትመጣልኛለች።»

አሰገደች ይህን ስለምታውቅ የእናቷን ብር ከሌሎቹ ጋር ቀላቅላ አታውቅም። በሻሽ ጠቅልላ ከሣጥኗ ሥር ታኖራት ነበር።

እንዲህ ሲኖሩ የከተማው ትምህርት ቤት በዓል አዘጋጀ። መምህር ሰይፉ የሚባል ሰው የባልና ሚስቱን ስብስብ ወሬ ሰምቶ ኖሮ ሊያይ መጣ። አይቶም ተደነቀ። አናጺ ጎድጓዳ ጎድጓዳ አድርጎ የፈለፈለውን ጣውላ በቀይ ከፋይ አልብሶ አመጣላቸው፤ ሳንቲሞቻቸውን ደርድረው ለሕዝብ እንዲያሳዩ። መሐል ላይ ያለው ትልቁ ጎድጓዳ ግን የሚመጥነው ሳንቲም አጥቶ ባዶ ቀረ።

«እዚህ ላይ» አለ መምህሩ፥ «እናቶቻችን ያንገት ጌጥ ያደረጉት አንድ ማርትሬዛ ቢገባ እንዴት ያማረ ነበር።»

አሰገደች ያን ቃል ይዛ ዋለች። እናቷ ደኃ ነበረች፤ በሕይወቷ ከሰው ፊት ተቀምጣ አታውቅም። አሁን ከከተማው ሁሉ ፊት፥ ከቀይ ከፋይ መሐል ልትታይ ነው። ማታ ሐሳቧን ለንጋቱ ነገረችው።

«አባባን ጠይቂያቸው እንጂ» አላት ንጋቱ።

«ሙት ዓመቷ ሳይደርስ መልሼ አስቀምጣታለሁ። ምን አስጨነቃቸው?»

«እንደሱም ሆኖ ጠይቂ።»

አልጠየቀችም። ብሯን ከሻሹ ፈትታ ከመሐሉ አኖረቻት። ዙሪያዋን የከበቧት ሳንቲሞች ያበራሉ፤ እሷ ግን ጠቁራ፥ ወዝታ፥ ሠርግ ቤት የሥራ ልብሷን ለብሳ የገባች ሴት መሰለች። አሰገደች ለእናቷ አፈረች። ንጋቱ መስክ ወጥቶ ስለነበር የሚመክራት አልነበረም። ሳፋውን አውጥታ፥ ሎሚውን ጨምቃ፥ ሸክላውን ወቅጣ ተቀመጠች። ጥቁሩ ብዙ ዓመት የተጋገረ ነውና እምቢ አላት። እሷም ጨክና ፈተገች። ብሯ መጨረሻ ላይ ከሁሉ በልጣ ነጣች።

በበዓሉ ቀን ሰዉ ጣውላውን ከቦ ጣቱን የሚቀስረው ወደ እሷ ነበር። «የማን ናት?» ሲሉ አሰገደች «የእናቴ ናት» ትላለች። እንዲያ ስትል የዋለችበትን ቀን ያህል ደስታ ከሠርጓ ወዲህ አላየችም። ማታ ብሯን በሻሽ ጠቅልላ ከቦታዋ መለሰቻት።

ሙት ዓመቱ ደረሰ። አቶ ይመር ጋቢያቸውን አጣፍተው፥ ከመደባቸው ተቀምጠው፥ እጃቸውን ዘረጉ። አሰገደች ብሯን ከመዳፋቸው አኖረችላቸው። ጣታቸው ፈለገ። ገለበጡና ደግመው ፈለጉ። አሸተቱ።

«ልጄ፥ ይቺ የማን ናት?»

«የእማዬ ናት፥ አባዬ።»

«አይደለችም። እናንተ ከምታጠራቅሟቸው ተሳስተሽ ያመጣሽልኝ ናት። እኔ አለሁ፤ ቀስ ብለሽ ፈልጊ።»

ይህን ያሉት ያለ ቁጣ፥ በሙሉ እምነት ነው። አሰገደች ብሯን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። ንግሥቲቱን ስታያት ጉንጯ፥ አፍንጫዋ፥ ጸጉሯ አንድ ላይ ለስልሷል፤ የእናቷ ጣት የት እንደነበረ አይታወቅም። ወደ አፍንጫዋ ብታስጠጋት ሎሚ ሎሚ ትሸታለች። እውነቱን ልትናገር አሰበች፤ ከተናገረች ግን አባቷ እናቷን ሁለተኛ ሊቀብሩ ነው። ስለዚህ ሌላ ስህተት ሠራች። ከቅሉ አደስ ቅቤ በጣቷ ቆንጥራ፥ ብሯን ቀብታ፥ በጭስ ጥላሸት አሽታ፥ አምጥታ ሰጠቻቸው።

«አገኘኋት፥ አባዬ።»

አቶ ይመር ወደ አፍንጫቸው አደረጓት። ፊታቸው ለአንድ አፍታ ፈካ። ከዚያ አውራ ጣታቸው ንግሥቲቱ ላይ ሄደ፥ መጣ፥ ቆመ። ፊታቸው ቀስ እያለ ተመልሶ ጨለመ።

«ቅቤው ያሁን ነው» አሉ። «እናትሽ ከሞተች ስንት ጊዜ ሆናት፤ ቅቤዋ እንዴት ትኩስ ሊሆን ይችላል?»

አሰገደች ከእግራቸው ሥር ወደቀች። የትምህርት ቤቱን በዓል፥ ቀዩን ከፋይ፥ ሎሚውንና ሸክላውን ሁሉንም በለቅሶ ተናገረች። ንጋቱም ከበሩ ቆሞ ይሰማ ነበርና ገብቶ ከጎኗ ተንበረከከ።

«ጥፋቱ የኔ ነው፥ አባባ። ሳንቲም ማጠቡን ያስለመድኳት እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ብሯን በመዳፋቸው ጨበጡ። ሚስታቸው ከእጃቸው ወጥታ ስትሄድ የሚያዳምጡ ይመስሉ ነበር። አሰገደች ቢረግሟት በወደደች፤ እርግማን ቶሎ ያልፋል። እሳቸው ግን የልጃቸውን ራስ ፈልገው አገኙና እጃቸውን አሳረፉበት።

«አልቀየምኩሽም፤ እናትሽን በሰው ፊት ልታከብሪያት ብለሽ ነው። ግን ልጄ፥ ሲያጌጡ ይመላለጡ።»