አህያ ስባሪ ስትመርጥ

አንድ ጊዜ፣ ከቆላ ሸለቆ ውስጥ ምንጩ ደርቆ አራዊት ሁሉ በጥም ሲቃጠሉ፣ ከሁሉ የባሰባት አህያ ነበረች። ወተቷ ነጥፏል። ውርንጭላዋ ባዶውን ጡት ሲጎትት እሷ ጆሮዋን ብቻ ታወዛውዛለች።

አንበሳ ሁሉንም ሰበሰበና እንዲህ አለ፦ «ውሃው አልጠፋም፤ ከተራራ ሆድ ገብቶ ተደብቋል። ከቀዩ ገደል ይሁን ከማዶው ጥቁር ገደል ግን አናውቅም።»

«አንዱን እንቆፍራ!» አለ ጅብ።

«ከሳትንስ? ሌላውን የምንቆፍርበት ጉልበት ከየት ይመጣል?» አለና አንበሳ አፉን አስዘጋው። «ዝንጀሮዎች ከሁለቱም ገደል ድንጋይ ይልቀቁ። ድንጋዮቹ መሃል ላይ ተጋጭተው ሲፈነከቱ ሆዳቸው ይታያል። እርጥቡን ስባሪ ዋሻዬ ጥላ ውስጥ አኑሩልኝ። እስከ ምሽት ከደረቀ እርጥበቱ የጤዛ ነው፤ ካልደረቀ የምንጭ ነው። ውሃ እስኪገኝ ደግሞ ማንም ማንንም አይበላም!» ይህን ሲል ጅብን ገልመጥ አደረገው።

በመጀመሪያው ቀን ለቃሚነቱን ጅብ ተሻምቶ ወሰደ። ድንጋዩ እንደ በረዶ ይወርድ ጀመር። ቋ! ቋ! ቋ! ጅብ ያገኘውን ሁሉ እየዛቀ ዋሻው ውስጥ ይወረውራል።

«ኧረ አያ ጅቦ፣ ደረቁን እንኳ ተወው» አለችው አህያ።

«ኋላ ቢያስፈልግስ? እኔ ከተወለድኩ አጥንት ጥዬ አላውቅም!»

ገና ፀሐይዋ ሳትከር ዋሻው እስከ አፉ ጢም አለ። አንድ እርጥብ ስባሪ ከጅብ እግር ሥር ዱብ ያለው ይኼኔ ነው። በአፉ አንጠልጥሎት በዋሻው ዙሪያ ቢሽከረከር ማስገቢያ አጣ። እሱ ሲሽከረከር ፀሐይዋ ስባሪውን ላሰችው። የጤዛ ይሁን የምንጭ፣ ማን ይወቀው?

ዋሻው ተጠረገና በማግስቱ ቀበሮ ተተካ። ጉድጓዱ ከቀዩ ገደል ሥር ስለሆነ ውሃው ከደጁ ቢፈልቅለት ይወድ ነበር። እናም ቀዩን ብቻ እያነሳ ጥቁሩን ዞር ብሎ ሳያየው ዋለ። ሲመሽ ዋሻው ውስጥ ያለው ሁሉ ደረቅ ሆኖ ተገኘ።

«ጥቁሩስ?» ሲል አንበሳ ጠየቀ።

«ጥቁሩ ውሃ የለውም፣ ጌታዬ።»

«አይተኸዋል?»

«የታወቀን ነገር ማየት ምን ያደርጋል?»

አህያ ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻለችም። ውርንጭላዋ ቆሞ መጥባት አቅቶት ተኝቷል። «ጌታዬ፣ ነገ ለእኔ ይስጡኝ» አለች።

ጅብ ሳቁን ለቀቀው። «እመት አህያ፣ አንቺ ሸክም እንጂ ምርጫ የት ታውቂያለሽ?»

«የማይረባ ነገር መሸከም ምን እንደሆነ የማውቅ እኔ ነኝ» አለችው። አንበሳም ፈቀደላት።

አህያ ሁለቱን ቀን በከንቱ አልዋለችም፤ ስታዳምጥ ነበር። ደረቅ ድንጋይ ሲጋጭ «ቋ» ይላል፤ እርጥቡ ግን «ዱፍ» ይላል። ስለዚህ በሦስተኛው ቀን «ቋ» ያለውን ዓይኗን ሳታነሳ አሳለፈችው። «ዱፍ» ሲል ግን ሮጣ በአፍንጫዋ ትነካዋለች፤ ከቀዘቀዘ ወደ ዋሻ፣ ከሞቀ ወደ ውጭ። አልፎ አልፎ ደግሞ ዓይኗን ጨፍና «ቋ» ካሉት መካከል አንዱን ታነሳለች።

ቀበሮ ይህን አይቶ ተሳለቀ። «ሴትዮ፣ ራስሽ ጥለሽ ራስሽ ታነሺያለሽ?»

«ጆሮዬ ቢያታልለኝስ፣ አያ ቀበሮ? ከጣልኩት መካከል ካልፈተሽኩ መሳሳቴን በምን አውቃለሁ?»

ረፋድ ላይ እንዲሁ ዓይኗን ጨፍና አንድ ጥቁር ስባሪ በአፍንጫዋ ነካች። ጩኸቱ «ቋ» ነበር፤ ሆዱ ግን እንደ ጎህ አየር ይቀዘቅዛል። አህያ ቀጥ አለች። ለካ ጥቁሩ ድንጋይ ከጥንካሬው የተነሳ ውሃ ይዞም «ቋ» ይላል! ቀዩ ደግሞ ልል ስለሆነ ትንሽ ጤዛ ከጠጣ «ዱፍ» ይላል።

«ጆሮዬ ስቶ ነበር» አለች፣ ሁሉም እየሰማ።

«ይኸው፣ ራስሽ አመንሽ!» አለ ቀበሮ።

«አሁን አይስትም!» አለችና ሥራዋን ቀጠለች። ያለፈው ካለፈ አይመለስ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ጥቁር የተባለውን ሁሉ በአፍንጫዋ ሳትነካ አላሳለፈችም። ዋሻው ግማሹ እንኳ አልሞላም።

ሲመሽ አንበሳ ገባ። ቀዮቹ ስባሪዎች ደርቀው ዱቄት ሆነዋል። ጥቁሮቹን ቢያገላብጣቸው ሆዳቸው ላይ ጠብታ አቅርረው ጠበቁት። አንዱን ላሰና «ጥቁሩ ገደል!» ብሎ አገሳ።

አራዊቱ ያለ የሌለ ጉልበታቸውን አውጥተው ጥቁሩን ገደል ቆፈሩት፤ ውሃውም እየተንፎለፎለ ወጣ። ጅብ ጭንቅላቱን ነክሮ ሲያንቆረቁር፣ አህያ ጠጥታ ጠጥታ ወደ ልጇ ተመለሰች። ወተቷ እስኪመለስ አጠገቡ ቆመች። ውርንጭላው በጉልበቱ ተንፏቆ ተነሳ፤ ጡቷን ያዘ፤ በዚህ ጊዜ የዋጠው አየር አልነበረም።

ከዚህ የምንማረው፣ ሁሉን ላስቀምጥ ያለ ለሚፈልገው ነገር ቦታ እንደሚያጣ፣ የወደደውን ብቻ የሚያይ እውነቱ በአጠገቡ እንደሚያልፈው፣ ብልህ መራጭ ግን ፈጥኖ እየጣለ ከጣለውም እያነሳ ራሱን እንደሚፈትሽ ነው።