የተበየደው ታርጋ

እና ቶፊቅ አልቆርጥም አለኝ። ና፣ ግባ፣ ቦታ አለ፤ ከወሬዬ ብዙ አላመለጠህም። ቶፊቅ የጋራዥ ሰፈሩ በያጅ ነው። በር ብታመጣለት ይበይዳል፣ አጥር ብታመጣለት ይቆርጣል። እኔ ያመጣሁለት ግን የአሮጌ ሚኒባስ ቂጥ ነው። ቂጧ ላይ ታርጋ አለ፤ ታርጋው በብሎን አልታሰረም፣ ተበይዷል።

ታርጋ ደግሞ ይበየዳል ወይ ትለኝ ይሆናል። የእኛ ሰው ይበይዳል። ሚኒባሷን የሸጠልን ሰውዬ መቆም በተከለከለበት ሁሉ የሚያቆም ነበር አሉ። ያቆማል፣ ትራፊክ ይመጣል፣ ታርጋውን ፈትቶበት ይሄዳል። ያቆማል፣ ይፈታበታል። ሰውዬው ከማቆሙ መታቀብ ሲያቅተው ጊዜ የኋላውን ታርጋ አስበየደው። ትራፊኩ በሚቀጥለው ካቻቪቴውን ይዞ መጥቶ፣ ጎንበስ ብሎ አይቶ፣ ራሱን ነቅንቆ ሄደ ይባላል። ሰውዬውን ገላገለው። ጣጣው ለእኔ ተረፈ።

እኔ ምን አገባኝ? አገባኝ እንጂ። ጋሽ መንደፍሮ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከባድ መኪና ሲነዱ ኖረው፣ ጉልበታቸው ሲደክም ይህችን ሚኒባስ ገዙ፤ የተማሪ ሰርቪስ ልትሆን። ሹፌሯ ደግሞ እኔ። ከስምንተኛ ክፍል ወጥቼ መኪና ሳጥብ፣ ጎማ ሳንከባልል፣ «አንተ» እየተባልኩ ስላክ የኖርኩት እኔ። መንጃ ፈቃዴን አውጥቻለሁ፣ ኪሴ ውስጥ ሆኖ ደረቴን ያሞቀኛል። ትምህርት ቤት ሰኞ ይከፈታል። ዳይሬክተሯ ግን ቁርጡን ተናግራለች፦ የቤት ታርጋ በለጠፈ መኪና ልጅ አላሳፍርም፤ ሰኞ ጠዋት የሥራ ታርጋ ለጥፋችሁ ካልመጣችሁ መስመሩን ለሌላ እሰጣለሁ።

ቶፊቅ ጋ የሄድኩበት ቀን ደግሞ ቅዳሜ ነው፤ ታርጋ ቢሮ ቅዳሜ እስከ ምሳ ብቻ ነው የሚሠራው። ጋሽ መንደፍሮ ወረፋ ይዘው ቆመዋል። መስኮቱ ላይ ያሉት ወይዘሮ ፀዳለ ናቸው። አዲሱ ታርጋችን አጠገባቸው ተጋድሟል፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ያብረቀርቃል። ወይዘሮ ፀዳለ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሕጉ ግን ሕግ ነው። አሮጌው ካልገባ አዲሱ አይወጣም፣ አዲሱ ካልወጣ እኔ ሰኞ ሹፌር አልሆንም።

ስለዚህ ሚኒባሷን በቀስታ አምጥቼ፣ ቂጧን ወደ ቶፊቅ በር አስጠግቼ አቆምኳት። የፊተኛው ታርጋ በካቻቪቴ ወጣ። የኋላውን ቶፊቅ ዳሰሰው፣ የሰውዬውን በያጅ አመሰገነው፣ ከዚያ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ።

«መብራት የለም» አለኝ። «በጥርሴ ልቁረጥልህ?»

መብራት ከሌለ ቶፊቅ አይቆርጥም፣ ቶፊቅ ካልቆረጠ አሮጌው አይለቅም፣ አሮጌው ካልገባ አዲሱ አይወጣም፣ አዲሱ ካልወጣ እኔ ሰኞ ሹፌር አልሆንም።

እኔ ቁጭ ብሎ መብራት የሚጠብቅ ሰው አይደለሁም። ከቶፊቅ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ጎሚስታው ላቀው አለ። ላቀው ጎማ የሚነፋበት ጄኔሬተር እንዳለው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሄድኩ፣ ላቀው አለ፣ ጄኔሬተሩ የለም። ጎረቤቱ ዘቢባ ፀጉር ቤት ገብቷል፤ ዘቢባ ሙሽራ ይዛለች። ሽቦ እንሳብ አልኩት። ትንሽ ጄኔሬተር ናት፣ የፀጉር ካስክና የብረት መቁረጫ አንድ ላይ አትችልም አለ። ታዲያ ለአፍታ አምጣት አልኩት። ላቀው የያዘውን ጎማ አስቀምጦ ትክ ብሎ አየኝ።

«ለሙሽራ የሰጡትን አይቀሙም፣ ወንድሜ። ዘቢባ ራሷ በቃኝ ትበል።»

ዘቢባ ካልለቀቀች ላቀው አይሰጥም፣ ላቀው ካልሰጠ መብራት የለም፣ መብራት ከሌለ ቶፊቅ አይቆርጥም፣ ቶፊቅ ካልቆረጠ አሮጌው አይለቅም፣ አሮጌው ካልገባ አዲሱ አይወጣም፣ አዲሱ ካልወጣ እኔ ሰኞ ሹፌር አልሆንም።

ዘቢባ ጋ ሄድኩ። በሯ ላይ መጋረጃ አለ፤ ወንድ አይገባም። ከውጭ ሆኜ ነገሬን ዘረገፍኩ፦ ታርጋውን፣ ሰኞን፣ ወይዘሮ ፀዳለን፣ ሁሉንም። ዘቢባ ማበጠሪያ በጥርሷ እንደነከሰች ብቅ አለች። ጄኔሬተሩን በደስታ እሰጥህ ነበር፣ ጩኸቱ እኔንም ራሴን አዞረኝ አለች፤ ግን ሙሽራዋ ከካስኩ ሥር አልነሳም ብላለች። ለምን? አክሊሏ አልመጣማ። ፀጉሯ የሚታሰረው በአክሊሉ ልክ ነው፤ አክሊሉ ሳይመጣ ብትነሳ የጠዋቱ ልፋት ሁሉ ይፈርሳል።

ሙሽራዋን ለመንኳት፣ በመጋረጃው በኩል። የእኔ እህት አልኳት፣ አንዴ ብቻ ተነሺ፣ ቆርጠን እንመልስልሻለን።

«አንተ ሹፌር ልትሆን፣ እኔ ሙሽራ ልሆን» አለች። «እስቲ በእግዜር፣ ማን ይቅደም?»

ትቅደም። አክሊሉ ካልመጣ ሙሽራዋ አትነሳም፣ ሙሽራዋ ካልተነሳች ዘቢባ አትለቅም፣ ዘቢባ ካልለቀቀች ላቀው አይሰጥም፣ ላቀው ካልሰጠ መብራት የለም፣ መብራት ከሌለ ቶፊቅ አይቆርጥም፣ ቶፊቅ ካልቆረጠ አሮጌው አይለቅም፣ አሮጌው ካልገባ አዲሱ አይወጣም፣ አዲሱ ካልወጣ እኔ ሰኞ ሹፌር አልሆንም።

አክሊሉ የታለ? ሚዜዋ እጅ። ሚዜዋ የታለች? የሙሽራ መኪና ውስጥ። መኪናውስ? አስፋልቱ ዳር ቆሞ ክላክስ ይነፋል። እኔ ደግሞ ጠዋቱን ሙሉ ያን ክላክስ እሰማለሁ፣ ሠርግ ስለሆነ ነው እያልኩ።

ሮጥኩ። በላቀው በር አለፍኩ፣ በቶፊቅ በር አለፍኩ፣ መንገዱ ሲጠብብኝ በሚኒባስ አፍንጫና በአጥር መሀል በጎኔ ሾልኬ አስፋልቱ ላይ ወጣሁ። መኪናው አለ፤ ነጭ፣ በሪባንና በአበባ ያጌጠ። ሚዜዋ የኋላ ወንበር ላይ ናት፣ አክሊሉን በካርቶን ይዛ። ቀሚሷ ነጭ፣ ጫማዋ ነጭ። የጋራዥ ሰፈር መሬት ደግሞ ታውቀዋለህ፣ ግማሹ ጭቃ፣ ግማሹ የተቃጠለ ዘይት። በዚህ ላይ አልወርድም አለች፤ እውነቷን ነው። እሺ፣ አክሊሉን ለእኔ ስጪኝ፣ በአንድ ትንፋሽ አደርሳለሁ አልኳት። እጆቼን ዘርግቼ ነበር። እሷም እጆቼን አየች። ጠዋት ከብሎን ጋር ሲታገሉ የቆዩ እጆች ናቸው።

«በነዚህ?» አለችና መስታወቱን ዘጋችው።

መኪናው ካልገባ ሚዜዋ አትወርድም፣ ሚዜዋ ካልወረደች አክሊሉ አይመጣም፣ አክሊሉ ካልመጣ ሙሽራዋ አትነሳም፣ ሙሽራዋ ካልተነሳች ዘቢባ አትለቅም፣ ዘቢባ ካልለቀቀች ላቀው አይሰጥም፣ ላቀው ካልሰጠ መብራት የለም፣ መብራት ከሌለ ቶፊቅ አይቆርጥም፣ ቶፊቅ ካልቆረጠ አሮጌው አይለቅም፣ አሮጌው ካልገባ አዲሱ አይወጣም፣ አዲሱ ካልወጣ እኔ ሰኞ ሹፌር አልሆንም።

አሁን የቀረኝ የመኪናው ሹፌር ነው። ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ደረቱ ላይ አበባ የሰካ፣ ላብ ያጠመቀው ጎልማሳ። ለምን አትገባም አልኩት፣ ትንሽ ቆጣ ብዬ። ፊቱን ወደ ቅያሱ አዙሮ በአገጩ አሳየኝ።

«በምን ልግባ? አንዱ ሹፌር ነኝ ባይ መንገዱን ዘግቶት ጠፍቷል።»

እኔም አገዝኩት። ዘንድሮ መንጃ ፈቃድ ለማንም ነው የሚሰጠው አልኩ። ወላጆቹ ሳይመክሩት የቀረ ነው አልኩ። ሌላም አልኩ፣ እዚህ የማይነገር። አፌ ሲደርቅ ጊዜ ባለጌው ምን ዓይነት መኪና ቢይዝ ነው ብዬ ዞርኩ።

አሮጌ ሚኒባስ። ቂጧ ቶፊቅ በር ላይ፣ አፍንጫዋ ማዶ አጥሩ ላይ። የፊት ታርጋ የላትም።

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሹፌር የተባልኩት ያኔ ነው፤ እሱም ስድብ ሆኖ። ቁልፉ ጠዋቱን ሙሉ ኪሴ ውስጥ ነበር፣ ከመንጃ ፈቃዱ ጋር። አንገቴን ሰብሬ ሮጬ ገባሁና አስነሳኋት።

ሚኒባሷ ተነስታ የቶፊቅን ግድግዳ ተጠግታ ስትቆም መንገዱ ተከፈተ፣ መንገዱ ሲከፈት መኪናው ገባ፣ መኪናው ሲገባ ሚዜዋ ዘቢባ ደጃፍ ላይ ወረደች፣ ሚዜዋ ስትወርድ አክሊሉ ደረሰ፣ አክሊሉ ሲደርስ ሙሽራዋ ተነሳች፤ ዘቢባ እልል ብላ ጄኔሬተሩን ለቀቀች፣ ላቀው በትከሻው ተሸክሞ ሮጠ፣ መብራቱ መጣ፣ ቶፊቅ መነጽሩን አጠለቀ። የእሳት ፍንጣሪው ሲበተን የሙሽራዋ መኪና በአጠገባችን አለፈ፤ ሙሽራዋ በመስኮት አየችኝና እጇን አነሳችልኝ። ታርጋው ዷ ብሎ መሬት ወደቀ።

ትኩስ ነበር። በሸሚዜ ጫፍ ጠቅልዬ ይዤ ዳገቱን ወጣሁ። ቢሮው ሰው አልቆበታል። ወይዘሮ ፀዳለ ቦርሳቸውን አንጠልጥለዋል፤ ጋሽ መንደፍሮ ግን መስኮቱ ላይ በክርናቸው ተደግፈው ስለ አሰብ መንገድ ያወሩላቸዋል። ፍሬን የበጠሰ መኪና ቁልቁለት ላይ አድርሰው ወሬውን እያዘገዩት ነው፤ ወይዘሮ ፀዳለም መጨረሻውን ሳይሰሙ መዝጋት አልሆነላቸውም። አሮጌውን ታርጋ ከፊተኛው ጋር አስቀመጥኩ። ዳር ዳሩ ተበልቷል፣ መሀሉ ጠቁሯል። ከየት ጦርነት ነው የመጣው ብለው ጠየቁኝ፤ ጠየቁኝና አዲሱን ገፋ አድርገው ሰጡኝ። መኪናዋ ከቁልቁለቱ ተረፈች ወይ አሏቸው ጋሽ መንደፍሮን። ተረፈች አሏቸው።

ቁልቁል ወርደን እኔው ራሴ በብሎን አሰርኩት። ቶፊቅ ልበይድልህ ወይ አለኝ፣ ጄኔሬተሩ ገና አልጠፋም ነበር። አይ፣ ይቅር።

ከዚያ ጋሽ መንደፍሮ በሹፌሩ በር በኩል ይሄዳሉ ብዬ ቁልፉን ዘረጋሁላቸው። አልተቀበሉኝም። ዞረው በወዲያኛው በር ገቡ፣ ወንበሩን ወደኋላ ለጠጥ አደረጉት። የድሮ ከባድ መኪና ሹፌር ሰው ሲነዳው ዓይኑን አይከድንም፤ እግሩ የሌለውን ፍሬን ሲረግጥ ነው መንገዱ የሚያልቀው። እኔ መሪውን ይዤ፣ መስታወቱን አስተካክዬ አየኋቸው። ባርኔጣቸውን ወደ ፊታቸው ጎተት አድርገው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣጠፉ።

«በል ንዳ» አሉኝ፤ «እኔ ትንሽ ላሸልብ።»