ጎረቤት ቤት የሮጠው ፕሮሰሰር

አንድ ሰው ነበረ፤ ኮምፒውተሩን ከተሠራበት ፍጥነት በላይ ማስሮጥ የሚፈልግ።

ቆይ ዘርይሁን፣ ፊትህን አታኮሳትርብኝ። «ልጄ ረድኤት እኔ ቤት ሳለች ፈተና በመጣ ቁጥር የምታውቀው ሁሉ ይጠፋባት ነበር፤ እህቴ ዘንድ ከሄደች ወዲህ ግን ከክፍሏ አንደኛ ወጣች። በእኔ ቤት ምን ጎድሎባት ነው? ክረምቱ ሳያልቅ ሄጄ ላምጣት ወይስ እዚያው ትቆይ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ሰምቻለሁ፤ ጆሮዬ ገና አልደነቆረም። ነገር ግን እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩት ኤሌክትሮኒክስ ነው፤ አንተንም ያስተማርኩህ እሱኑ ነው። ስለዚህ በማውቀው ልመልስልህ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ?

ያ ሰው የሠርግ ቪዲዮ አቀናባሪ ነበር። የተቀረጸውን ቆርጦ፣ ቀጥሎ፣ ዘፈን ጨምሮ ለሙሽሮች ያስረክባል። ሥራው ጊዜ ይፈጃል። ኮምፒውተሩ አንዱን ሠርግ እስኪጨርስ ሰውየው ይቀመጣል፣ ይነሳል፣ ተመልሶ ይቀመጣል፤ ደንበኛ ደግሞ ይደውላል። ታዲያ አንድ ቀን የኮምፒውተሩን አንጎል፣ ፕሮሰሰሩን ማለቴ ነው፣ ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት አሳልፎ ማሠራት እንደሚቻል ሰማ። ኦቨርክሎክ ይሉታል። ነገሩ እውነት ነው፣ ይቻላል።

ጥሩ ፕሮሰሰር ገዛ፤ በእውነት ጥሩ የሚባል። ከዚያ የሚቀመጥበትን ማዘርቦርድ ሊመርጥ ሄደ። ፕሮሰሰር ብቻውን ምንም አይደለም። የሚያርፈው ማዘርቦርዱ ላይ ነው፤ የሚሠራበትን ኃይልም የሚቀበለው ከእሱ ነው። ሻጩ ሁለት አወጣለት። አንደኛው ጠርዝ ጠርዙን መብራት ተደርድሮበታል፤ ሲሰካ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ እያለ ይለዋወጣል። ሁለተኛው ጥቁርና ደብዛዛ ነው። ነገር ግን ኃይል በሚያልፍባቸው ክፍሎች ላይ ወፍራም ብረት ተጭኖበታል፤ ሲያነሱት እጅ ላይ ይከብዳል።

«ልታስሮጠው ከሆነ ይኼን ውሰድ» አለው ሻጩ ጥቁሩን እያሳየ። «ኃይሉ የሚያልፈው በዚህ በኩል ነው። እዚህ ጋ የሳሳ ቦርድ ሥራ ሲከብድበት ይንበረከካል።»

«ይኼማ መጋዘን ውስጥ የከረመ ነው የሚመስለው» አለና መብራታሙን ይዞ ወጣ።

አትፍረድበት። ደንበኛ ቤቱ ሲመጣ የሚያየው መብራቱን ነው። እኛስ ብንሆን ስንመርጥ እንግዳ የሚያየውን አይደል የምናስቀድመው?

ቤቱ ገብቶ ገጣጠመው፤ ፍጥነቱንም በአንዴ ከፍ አደረገው። ኮምፒውተሩ በረረ። ጓደኞቹን ጠርቶ አሳየ፤ ፎቶ ከፈተላቸው፣ ዘፈን አጫወተላቸው፣ ሁሉም እሰይ አሉት። ችግሩ የመጣው እውነተኛው ሥራ ሲመጣ ነው። አንድ ሙሉ ሠርግ ሲጭንበት መሀል ላይ ደርሶ ድርቅ አለ። አጥፍቶ አስነሳው። አሁንም እዚያው ሲደርስ ድርቅ።

ሰውየው ፕሮሰሰሩን ጠረጠረ። ሞቆት ይሆናል ብሎ ትልቅ ማቀዝቀዣ ገዛለት፤ በማራገቢያ ላይ ማራገቢያ ጨመረለት። ሙቀቱን ሲለካው ደኅና ነው። ሥራው ግን መሀል ላይ መቆሙን አልተወም። በመጨረሻ «ይኼ ከፋብሪካም ሲወጣ ደካማ ነበር» ብሎ ነቀለው፤ ለጎረቤቱ በርካሽ ለቀቀላትና ሌላ የተሻለ ገዛ። ጎረቤቱ የቤት ንድፍ እየሠራች የምትተዳደር ሴት ነበረች።

የተሻለውም ያው ሆነ። ቀላል ሥራ ሲሰጡት ይበራል፤ ሲከብድበት ይደርቃል።

በዚህ መሀል አንዲት ሙሽራ መጣችበት። «እናቴ አልጋ ላይ ስለሆነች ሠርጌን አላየችም» አለችው። «ጠዋት ማታ ‹ቪዲዮው አልደረሰም ወይ?› ትለኛለች። ሐኪሞቹ ደግሞ ብዙ አትቆይም ብለውኛል። እባክህ ወንድሜ፣ ከቻልክ ለዛሬ አድርስልኝ።»

ሰውየው እሺ አላት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ለዚህች ሴት ብሎ የማያደርገው ነገር አልነበረም። ሞከረ፤ ደረቀ። ደግሞ ሞከረ፤ ደረቀ። ኩራቱን ዋጥ አደረገና ሥራውን ይዞ ጎረቤቱ ቤት ሄደ። «ባክሽ ኮምፒውተርሽን አውሺኝ። ቀስ ቢልም ግድ የለም፤ ብቻ ይጨርስልኝ» አላት።

ጫኑለት። እሱ ቤት የሚቆምባት ቦታ ሲደርስ ሰውየው ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። ኮምፒውተሩ አለፋት፤ ሄደ፤ ጨረሰ። ቀስም አላለም። ሙሽሪት ከእጁ ተቀብላ ሮጠች፤ እናትየውም በዚያው ቀን ልጇን በሙሽራ ቀሚስ አየቻት።

ሰውየው ግን ከወንበሩ አልተነሳም።

«ለመሆኑ ያንን ደካማውን ጥለሽ ይኼን የመሰለ ፕሮሰሰር ከየት አመጣሽ?» አላት።

«ውይ፣ አላወቅከውም? ያንተው እኮ ነው» አለችው።

አላመነም። ክዳኑን ከፍታ አሳየችው። እሱ የጣለው ፕሮሰሰር ተቀምጧል፤ የተቀመጠውም እሱ ንቆ በተወው ዓይነት ጥቁር፣ ከባድ ማዘርቦርድ ላይ ነው።

«ስገዛ ሻጩን የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው» አለች። «ሥራ ሲከብድ የማይዋዥቀው የትኛው ነው አልኩት። ፕሮሰሰር ጭንቅ ውስጥ ሲገባ በዚያችው ቅጽበት ብዙ ኃይል ይጠይቃል። ቦርዱ በዚያች ሰዓት ከቀነሰበት ምን ያድርግ? ፍጥነቱንም የጨመርኩለት ትንሽ ትንሽ ነው፤ በጨመርኩ ቁጥር ከባድ ሥራ ሰጥቼ መቻሉን አያለሁ።»

ሰውየው አፈረም፣ ጓጓም። «በይ መልሺልኝ» አላት።

«እመልስልሃለሁ፤ ለጎረቤት ምን ይነፈጋል? ግን ወስደህ የምታስቀምጠው ምን ላይ ነው?»

ሰውየው ባዶ እጁን ቤቱ ገባ። ኮምፒውተሩን ከባድ ሥራ ጫነበትና ክዳኑን ከፈተ። ከገዛው ጀምሮ ሲለካና ሲያቀዘቅዝ የኖረው ፕሮሰሰሩን ብቻ ነበር። አሁን እጁን ወደ ማዘርቦርዱ፣ ኃይል ወደሚያልፍበት ጥግ አስጠጋ። ያቃጥላል! እጁን ሰበሰበ። በወዲያኛው ጠርዝ መብራቶቹ ቀይ፣ ሰማያዊ እያሉ ይጫወታሉ። «ለካስ እስከዛሬ የሚነደው እዚህ ኖሯል» አለ፤ ሄዶም ማዘርቦርዱን ቀየረ።

አሁን ወዳንተ ልምጣ፣ ዘርይሁን። ያ ፕሮሰሰር ረድኤት ናት፤ ማዘርቦርዱ አንተ ነህ፣ ከነቤትህ።

ማቀዝቀዣውን ሁሉ ገዝተህላታል። አስጠኚ ቀጥረሃል፤ የተሻለ ትምህርት ቤት አስገብተሃል፤ ብቻዋን የምታነብበት ክፍል ሰጥተሃታል። እንግዳ ሲመጣም አስነስተህ በእንግሊዝኛ ታናግራት ነበር፤ እኔም አጨብጭቤያለሁ። ቀላሉን ቀን ሁላችንም ስናያት ትበር ነበር። ግን ፈተና ሲቀርብ ቤትህ መጥቼም አውቃለሁ። ሚስትህ በሹክሹክታ ታወራለች። አንተ ክፍሏ በር ላይ ቆመህ «ዘንድሮም እንዳታዋርጂኝ» ትላለህ። ጥሩ ያመጣች ዕለት ስመህ አትጠግባትም፤ ዝቅ ያለች ዕለት ራት ላይ አታናግራትም። ልጅቱ ከሁሉ ይበልጥ አንተን በምትፈልግበት ሳምንት አንተ ትቀንሳለህ። ብዕሯ የሚቆመው ያኔ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ቤቱን መጠየቅ ስትፈራ ልጅቱን መረመርክ።

የእህትህን ቤት ደግሞ «አምፖሉ እንኳ በቅጡ አያበራም» ብለህ አማርረህልኛል። «ፈተና ማለት ምን እንደሆነም አታውቅ፤ ዘጠና ብታመጣም ሃምሳ ብታመጣም ‹ታጠቢና ራት ብዪ› ነው የምትላት» ብለህ ሳቅክ። እኔ አልሳቅኩም። ልጅህን የያዛት እሱ ነው። በከባዱም ቀን በቀላሉም ቀን ያው ድምፅ፣ ያው ራት።

እንግዲህ አንገትህን አትድፋ። አንተን ልወቅስ አይደለም ይኼን ሁሉ ያወራሁት። ያም ማዘርቦርድ ክፉ አልነበረም፤ ከአቅሙ በላይ እየተጠየቀ ሲነድ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። አንተም እንደዚያው ነህ። «እኔ ፈተና ላይ የደረሰብኝ በእሷ እንዳይደርስ» እያልክ ስትፈራ ኖረሃል፤ ፍርሃትህን የጠየቀህ ሰው የለም። ቁጣህ ከዚያ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ልጅቷ ግን ያንን አታውቅም፤ የምታየው ፊትህ ሲለወጥ ነው።

ላምጣት ወይስ ትቆይ ነበር ጥያቄህ። ሂድ፤ ግን አሁን ነይ እንሂድ አትበላት። «ረድኤት፣ ፈተና ላይ የሚያስፈራሽ እኔ ምን ሳደርግ ነው?» ብለህ ጠይቃት። ከዚያ ዝም በል። መጀመሪያ «ምንም» ትልሃለች። ጠብቅ። ቆይታ ትነግርሃለች፤ የምትነግርህም ይከብዳል፤ «እኔ ለማን ብዬ ነው?» ልትል አፍህ ላይ ይመጣል። እሷ የዚያን ጊዜ የምታየው ፊትህን ነው። እዚያች ላይ ፊትህ ካልተለወጠ፣ ድምፅህም ካልተለወጠ፣ አንተ ነይ ማለት አይጠበቅብህም። ሻንጣዋን ራሷ ታነሳለች።