አዋቂው ቅልና የጦጢት ክንድ

ጆሮ ያላችሁ ቀረብ በሉ፤ እንስሳትና ቅል በአንድ ቋንቋ ያወሩ በነበረበት ዘመን የሆነውን ልንገራችሁ።

የእንስሳቱ የሒሳብ መምህር የኔታ ዔሊ ነበሩ። ማባዣን በዜማ ያስጠኑ ነበር፤ የፈጠነ ይመሰገናል፣ የዘገየ ይቀጣል። አንድ ቀን ሒሳብ የሚያውቅ ቅል ከሩቅ አገር መጣ። ጥያቄው ሳያልቅ መልሱን ይናገራል። ተማሪዎቹ ወደ ቅሉ ጎረፉ፤ ጦጢትም አብራ ሮጠች።

«እንግዲህ ማባዣ ለምኔ!» አለች እየዘለለች።

ክረምት ገባ። ወንዙ በድንገት ሞላና የጦጢት ጓደኛ ጥንቸል ውሃው መሃል ባለች ጉብታ ላይ ቀረች። ውሃው እግሯን ነካ። ጦጢት፣ ዝሆን፣ የኔታና ተማሪዎቹ ቅሉን ይዘው ወደ ወንዙ ዳር ሮጡ።

«ገመድ እንወርውርላት!» አለች ጦጢት። «አያ ዝሆን፣ እስከ ጉብታው ስንት ክንድ ነው?»

«በበጋ ለክቼዋለሁ፤ ዐሥራ ሁለት። ለመቋጠሪያ ሁለት ጨምሩ።»

«ዐሥራ አራት!» አለ ቅሉ።

ጦጢት በክንዷ ለክታ ገመድ ቆረጠች፤ ዝሆን ወረወረ። ገመዱ እኩሌታውን እንኳ ሳይደርስ ውሃ ውስጥ ወደቀ።

«አሳጥረሽ ቆርጠሽ ነው፣ አንቺ ቀልቃላ!» ብለው ተማሪዎቹ ጮኹባት።

ሌላ ቆረጠች። እሱም አልደረሰም። ውሃው የጥንቸልን ወገብ ያዘ።

«ቅሉ ዋሽቷል! አላልኳችሁም?» አሉ የኔታ አንገታቸውን አስግገው። «እኔን ጠይቁኝ! ዐሥራ ሁለትና ሁለት... ዐሥራ አራት።»

«እኔስ ምን አልኩ?» አለ ቅሉ።

«ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ እኔ ግን መስጠሜ ነው!» ብላ ጮኸች ጥንቸል።

ጦጢት ደንግጣ የራሷን ክንድ አየች፤ ከዚያ የዝሆንን አየች።

«በማን ክንድ?»

ይህን ማንም አልጠየቀም ነበር። ሮጣ ክንዷን በዝሆን ክንድ ላይ አስተኛች፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ! የዝሆን አንድ ክንድ የእሷ ሦስት ነው።

«ዐሥራ አራት በሦስት ሲባዛ?»

«አርባ ሁለት!» አሉ የኔታና ቅሉ በአንድ አፍ።

«የቆረጥናቸው ሁለቱ አሉ! እንደነሱ ያለ አንድ ገመድ ብቻ ጨምሩና ቋጥሩ!»

ቋጠሩ። ዝሆን ወረወረ። ውሃው አገጯ ላይ ሲደርስ ጥንቸል ገመዱን ጨበጠች። ጎተቱ፣ ጎተቱ፣ ወጣች! ሜዳው በእልልታ ተናወጠ።

የኔታ ቅሉን አንስተው ከአጠገባቸው አስቀመጡት።

«ማባዣውም ይጠና፣ ቅሉም ይኑር» አሉ። «ከነገ ጀምሮ ግን የማመሰግነው ፈጥኖ የመለሰውን ሳይሆን አስቦ የጠየቀውን፣ የተመለሰለትንም ለክቶ ያየውን ነው።»

«መጀመሪያ ዋና አስተምሩን!» አለች ጥንቸል ጆሮዋን እያራገፈች።

ይኸው ነው ተረቴ፤ እኔ ነገርኩ፣ እናንተ ለልጆቻችሁ አቀብሉ። መልስ በሞላበት አገር ጠያቂ አይጥፋ።